ማክሰኞ ማታ ማን ይጫወትበታል?

ከአርክቴክቷ የደብዳቤ ሳጥን

ሰሞኑን ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አምስቱ ስለ ዩኒቨርሲቲ የስፖርት ማዕከል የሚጠይቁ ሆነው አገኘኋቸው። ስለ መኖሪያ ቤት ደረጃና ስለ መስኮት የጻፋችሁልኝ እስከሚቀጥለው እትም ታገሡኝ። ለአዲስ አንባቢ ያህል፣ አርባ ዓመት ገደማ ሕንፃ ስነድፍ ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። በተማሪነቴ ደግሞ የዩኒቨርሲቲያችን የመረብ ኳስ ቡድን አቀባይ ነበርኩ። አቀባይ ጨዋታውን በሙሉ ሽቅብ ስታይ የምትውል ተጫዋች ናት፤ ስለ ጣሪያና ስለ መብራት ያለኝ ቁጣ ከዚያ የመጣ ነው።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ የመጨረሻ ዓመት የኪነ ሕንፃ ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ሥራዬ የዩኒቨርሲቲ ስፖርት ማዕከል ነው። ጣሪያውን ክንፉን እንደዘረጋ ንስር አድርጌ ሠራሁትና ሞዴሉን ያየ ሁሉ ወደደው። አማካሪዬ ግን ጣሪያውን በእጃቸው ብድግ አድርገው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና «እሺ፣ አሁን ሕንፃህን አሳየኝ» አሉኝ። ከሥሩ ያለው ባዶ ሜዳ ነበር። ከየት ልጀምር? ጣሪያውንስ ልተወው?

መልስ፦ ልጄ፣ አማካሪህን ሳላያቸው ወደድኳቸው።

እርሳሱን አስቀምጥና የሰዓት ሰሌዳ ጻፍ። ማክሰኞ፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት። አዳራሹ ውስጥ ማን አለ? በአንደኛው ጫፍ ሴቶች መረብ ኳስ ይለማመዳሉ። መካከል ላይ የሕክምናና የሕግ ተማሪዎች ባድሜንተን ይጫወታሉ። በወዲያኛው ጫፍ አንድ አሠልጣኝ ሃያ ጀማሪዎችን ኳስ ማንጠር ያስተምራል። በሩ ላይ ተራቸውን የሚጠብቁ ሠላሳ ተማሪዎች ቦርሳቸውን አንጠልጥለው ቆመዋል፤ አንዷ መታወቂያዋን ረስታ ከጥበቃው ጋር ትከራከራለች። ባንዲራና ከበሮ ያለበት የዋንጫ ጨዋታ በዓመት ስንት ቀን ነው? በጣት የሚቆጠር። የመመረቂያ ሥዕሎች ላይ የማየው ግን ሁልጊዜ ያንን የዋንጫ ቀን ነው፤ መቀመጫው ሞልቶ፣ ሕዝቡ እጁን አንሥቶ። አንተ ማክሰኞን ሣል።

ከዚያ ከወለሉ ተነሣ። የመረብ ኳስ ሜዳ 18 በ9 ሜትር ነው፤ ዙሪያውን ሦስት ሦስት ሜትር ነፃ ቦታ ስትጨምርለት 24 በ15 ይሆናል። ሦስቱን ጎን ለጎን ደርድርና ቁጠር፦ 45 ሜትር። በወዲህኛው አቅጣጫ 24ቱን ሜትር ትንሽ አስፋውና 27 አድርገው። ጀርመኖች ለሦስት የሚከፈለውን አዳራሽ በዚሁ ልክ፣ 45 በ27 አድርገው መደበኛ ያደረጉት እንዲሁ ስለተመቻቸው አይደለም። ከጣሪያ የሚወርዱ ሁለት መጋረጃዎች ሲዘረጉ ሦስት አዳራሽ ታገኛለህ፤ ሲጠቀለሉ 40 በ20 የሆነው የእጅ ኳስ ሜዳ ወይም 28 በ15 የሆነው የቅርጫት ኳስ ሜዳ በርዝመቱ ይገባልሃል። ከፍታው ለቅርጫትና ለመረብ ኳስ ቢያንስ 7 ሜትር ንጹሕ መሆን አለበት፤ 7 ሜትሩ የሚለካው ከመብራቱና ከአየር ቱቦው ሥር እንጂ ከጣሪያው ሥር እንዳልሆነ ልብ በል። 9 ብታደርገው የባድሜንተን ተጫዋቾች ይመርቁሃል።

አሁን ወደ ንስርህ እንምጣ። አትተወው፤ ሥራ ስጠው። ኤሮ ሳሪነን ለዬል ዩኒቨርሲቲ የነደፈውንና እ.ኤ.አ. በ1958 የተጠናቀቀውን የበረዶ ሆኪ አዳራሽ ሰዎች «ዓሣ ነባሪው» ይሉታል። ፎቶውን ብታየው የአንተ ንስር ዘመድ ይመስልሃል። የዓሣ ነባሪው ጀርባ ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ የተዘረጋ የኮንክሪት ቅስት ነው፤ ጣሪያውን የያዙት የብረት ገመዶች ከእሱ ተነሥተው ወደ ግራና ቀኝ ይወርዳሉ፤ በመጫወቻው ላይ አንድም ምሰሶ የሌለው በዚህ ምክንያት ነው። ያንን ጀርባ ብታነሣው አዳራሹ ይፈርሳል። ከአንተ ንስር ክንፉን ብናነሣ ምን ይፈርሳል? አማካሪህ በአፋቸው ሳይሆን በእጃቸው የጠየቁህ ይህንን ነው።

ሰፊ ጣሪያ ቀልድ እንዳልሆነም እወቅ። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 18 ቀን 1978 በአሜሪካ ሃርትፎርድ ከተማ የአንድ ትልቅ የስፖርት አዳራሽ ጣሪያ ሊነጋጋ ሲል በበረዶ ክብደት ተደርምሷል። ማታውን የኮነቲከት ዩኒቨርሲቲ ቡድን ቅርጫት ኳስ ተጫውቶበት፣ አምስት ሺህ ያህል ሰው ወጥቶ ነበር። ጣሪያው ገና ሲገጠም ከተሰላው እጥፍ ያህል ረግቦ ተለክቷል፤ መሐንዲሶቹ ግን ስሌቱ የኮምፒውተር ነው ብለው አለፉት። የሞተ ሰው የለም። ጥቂት ሰዓት ቀደም ብሎ ቢሆን ኖሮ የሚባለውን አንተው ጨርሰው።

አሁን የራሴን ጥፋት ልንገርህ። የመጀመሪያ አዳራሼን ስነድፍ በምዕራቡ ግድግዳ ላይ ከወለል እስከ ጣሪያ መስታወት አደረግሁ። ሥዕሉ ላይ የምሽቱ ብርሃን ወለሉን ወርቅ ያስመስለው ነበር። አዳራሹ ተከፍቶ ልምምድ ለማየት ሄድኩ፤ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አንዲት አቀባይ ኳሷን ለማየት ቀና ስትል ፀሐይዋ ዓይኗ ውስጥ ገባች፣ ኳሷም አፍንጫዋ ላይ አረፈች። ደም በደም ሆነች። እኔ፣ አቀባይ የነበርኩት ሴት፣ ያንን መስኮት የሣልኩት በገዛ እጄ ነው። መስታወቱ በኋላ በቀለም ተሸፈነ፤ ዛሬም ስሜ ከእሱ ጋር ይነሣል። የቀን ብርሃን አስገባ፤ ነገር ግን ከላይ፣ ቀጥታ ፀሐይ በማያገኘው በኩል፣ በሚበትን መስታወት አጣርተህ አስገባው። መብራቱንም ከመረቡ በላይ አትስቀለው፤ በሜዳው ግራና ቀኝ ደርድረው። ለልምምድ ከ200 እስከ 300 ሉክስ (ወለሉ ላይ የሚያርፈው ብርሃን መለኪያ ነው) ይበቃል፣ ለትልቅ ውድድር 750 ይፈለጋል፤ ማክሰኞ ማታ 750 እንዳይበራ ማብሪያውን በደረጃ ክፈለው።

ዕቃ ቤቱን አትርሳ። በሌላ ሥራዬ የዕቃ ቤቱን በር እንደ ቢሮ በር 90 ሳንቲሜትር አድርጌ የእጅ ኳስ ግቡ አላልፍ ብሎ ዓመቱን ሙሉ አዳራሹ ጥግ ላይ ቆሟል። ከዚያ ወዲህ ከወለሉ አሥር በመቶ ያህሉን ለዕቃ እመድባለሁ፤ በሩንም እንደ ጋራዥ በር ሰፊ፣ ወለሉን ከሜዳው ጋር እኩል አደርጋለሁ። ሥዕል ላይ አያምርም። ሕንፃውን ግን የሚያሠራው እሱ ነው።

ጥያቄ፦ የተከበሩ አርክቴክት፣ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ነኝ። አዲሱ የዩኒቨርሲቲያችን አዳራሽ ለዓይን ያምራል። ሆኖም ሦስት ክፍል አብሮ ሲሠራ የማን ፊሽካ እንደተነፋ የሚለይ ተማሪ የለም፤ ቤቴ የምገባው ድምፄ ተዘግቶ ነው። የሚመለከታቸውን ስጠይቅ «ትልቅ አዳራሽ ጠባዩ እንዲህ ነው» ይሉኛል። እውነት ነው?

መልስ፦ መምህር፣ እውነት አይደለም። ይህ ችግር ከመቶ ዓመት በፊት መልስ ያገኘ ነው፤ ያገኘውም ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1895 ሃርቫርድ አዲስ ባሠራው የትምህርት አዳራሽ ውስጥ የመምህሩ ንግግር እየተደበላለቀ አልሰማ ስላለ፣ ዋላስ ሳባይን የተባለ ወጣት የፊዚክስ መምህር መላ እንዲፈልግ ታዘዘ። ሳባይን በሌሊት፣ ከተማው ጸጥ ሲል፣ በአቅራቢያው ካለ ቴአትር ቤት የመቀመጫ ትራሶችን እያስመጣ አዳራሹ ውስጥ ይደረድራል፤ የኦርጋን ቱቦ ያስነፋል፤ ድምፁ እስኪጠፋ ስንት ሰከንድ እንደፈጀ ይለካል፤ ትራስ ይጨምራል፤ ደግሞ ይለካል። ከዚያ ትራስ ተሸክሞ ከመመላለስ የወጣው ቀመር ዛሬም የእጃችን መሣሪያ ነው፦ የአዳራሹን ይዘት በኪዩቢክ ሜትር በ0.161 ያባዙና በውስጡ ላለው ድምፅ መጣጭ ስፋት (የእያንዳንዱ ገጽ ስፋት በሚውጠው የድምፅ ድርሻ ተባዝቶ ሲደመር ማለት ነው) ያካፍሉት፤ ድምፅ የሚያስተጋባበትን ጊዜ በሰከንድ ያገኛሉ።

አዳራሽዎ ለተማሪው ከላይ እንደነገርኩት 45 በ27፣ ከፍታውም 9 ሜትር ነው እንበል። ይዘቱ ወደ 10,900 ኪዩቢክ ሜትር ነው። ግድግዳው ልስን፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወለሉ እንጨት ከሆነ ከሚደርስባቸው ድምፅ ቢውጡ አምስት በመቶ ያህሉን ነው። ቀመሩን ሲሠሩት ዘጠኝ ሰከንድ ይመጣል። ዘጠኝ ሰከንድ! አንድ ጊዜ የነፉት ፊሽካ ዘጠኝ ሰከንድ ይንገዋለላል፤ ሦስት መምህራን ሲነፉ ምን እንደሚሆን ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል። አሁን ጣሪያውን ብቻ ሰባ በመቶ በሚውጥ ሰሌዳ ይሸፍኑት፤ ከሁለት ሰከንድ በታች ይወርዳል። የስፖርት አዳራሽ የሚፈልገውም ከአንድ ተኩል እስከ ሁለት ሰከንድ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ጣሪያው ተሸፍኖ ግድግዳዎቹ ባዶ ከቀሩ፣ ድምፁ ፊት ለፊት በሚተያዩት ግድግዳዎች መካከል እንደ ጠረጴዛ ቴኒስ ኳስ ይመላለሳል፤ ቀመሩ ይህንን አይነግርዎትም። መካከል ላይ ቆመው አንድ ጊዜ ያጨብጭቡ፤ እንደ ክንፍ መርገፍገፍ ያለ ድምፅ ከሰሙ ያ ነው። መድኃኒቱ ከሚተያዩት ጥንዶች አንድ አንዱን ግድግዳ ማልበስ ነው። ኳስ የሚመታውን ሁሉ የሚችል መሆን ስላለበት፣ ከእንጨት ላጭና ከሲሚንቶ የሚሠራውን ሰሌዳ እመርጣለሁ። ስፖንጅ ከለጠፉልዎት በሁለት ወር ውስጥ ይቦጫጨቃል። ይህን ጽሑፍ ቆርጠው ለሚመለከታቸው ይስጡልኝ።

ጥያቄ፦ የዩኒቨርሲቲያችን የግንባታ ኮሚቴ አባል ነኝ። እግር ኳስንና ሩጫን በአንድ ስታዲየም ማድረግ ያዋጣል? ቦታችን ተዳፋት ስለሆነ ደልዳላ ቦታ እንፈልግ የሚሉም አሉ።

መልስ፦ ለሚሮጡት ያዋጣል፤ ለእግር ኳስ ተመልካች አያዋጣም። መደበኛው የ400 ሜትር መም ሁለት ቀጥ ያሉ 84.39 ሜትር ጎኖችና 36.50 ሜትር ሬዲየስ ያላቸው ሁለት ጥምዞች አሉት። 105 በ68 የሆነ የኳስ ሜዳ ውስጡ ይገባል፤ ማዕዘኖቹ ግን ከመሙ የውስጥ ጠርዝ አንድ ሜትር ያህል ብቻ ይርቃሉ። የማዕዘን ምት የሚመታው ልጅ የሚንደረደረው መሙ ላይ ነው ማለት ነው። ስምንት መሮጫዎች፣ እያንዳንዳቸው 1.22 ሜትር፣ ሲደመሩበት ከግቡ ኋላ የተቀመጠ ተመልካች ከግብ መስመሩ ቢያንስ 36 ሜትር ይርቃል። ለዩኒቨርሲቲ ግን፣ ዘወትር ለሚሮጥበት ብዙ ተማሪና አልፎ አልፎ ለሚመጣ ጥቂት ተመልካች፣ አብሮ መሥራቱን እደግፋለሁ። የ100 ሜትር ሩጫ ከ84.39 ሜትሩ ቀጥ ያለ ጎን እንደሚበልጥና በአንድ በኩል መሙ መርዘም እንዳለበት ኮሚቴው አይዘንጋ፤ ሲዘነጋ አይቻለሁ። ረጅሙ ጎን በተቻለ መጠን ከሰሜን ወደ ደቡብ ይሁን።

ተዳፋቱን በፍጹም እንዳትሸሹት። የሜክሲኮ ብሔራዊ ራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1952 የከፈተው ስታዲየም በጥንት የእሳተ ገሞራ ፍሳሽ ላይ የተሠራ ነው። አርክቴክቶቹ፣ አውጉስቶ ፔሬዝ ፓላሲዮስና ሁለት ባልደረቦቹ፣ መሬቱን ቆፍረው ሜዳውን ዝቅ አደረጉ፤ የወጣውን አፈር ዙሪያውን ቆልለው መቀመጫውን በላዩ ሠሩ፤ ውጭውን በዚያው በእሳተ ገሞራ ድንጋይ አለበሱት። እ.ኤ.አ. የ1968 ኦሊምፒክ የተከፈተው እዚያ ነው። የእናንተም ተዳፋት ግማሽ መቀመጫ በነፃ ሰጥቷችኋል። መሐንዲሱ መቀመጫውን ሲደረድር አንድ ነገር ጠይቁት፦ የኋለኛው ተመልካች የእይታ መስመር ከፊተኛው ራስ ስንት ሳንቲሜትር ከፍ ብሎ ያልፋል? 12 ካለ እቀፉት፤ 9 ካለ አመስግኑት፤ ከ6 በታች ካለ ወደ ጠረጴዛው መልሱት።

መቀመጫው በሲሚንቶ ከተሠራም ከሥሩ ያለውን ቦታ ባዶ አትተዉ። የመጀመሪያው ራሱን የቻለ የኒውክሌር ሰንሰለታዊ ክንውን የተካሄደው እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 2 ቀን 1942 በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ስታዲየም መቀመጫ ሥር በነበረ የራኬት መጫወቻ ክፍል ውስጥ ነው። የእናንተ የክብደት ማንሻና የሕክምና ክፍል ቢሆን ይበቃል።

ጥያቄ፦ እኛ ሴት ተማሪዎች ነን። የስፖርት ማዕከላችን አዲስ ነው፤ ነገር ግን ብዙዎቻችን አንሄድም። የመልበሻ ክፍሉ በር ሲከፈት ከኮሪደሩ ሁሉም ነገር ይታያል። የክብደት ማንሻውም ክፍል ሙሉ በሙሉ መስታወት ስለሆነ የሚያልፍ ሁሉ ቆሞ ያየናል። ጥፋቱ የእኛ ዓይን አፋርነት ነው ይሉናል።

መልስ፦ ልጆቼ፣ ጥፋቱ የፕላኑ ነው። የመልበሻ ክፍል መግቢያ ሁለት ጊዜ መታጠፍ አለበት፤ በሩ ተከፍቶ ቢቀር እንኳ የሚታየው ባዶ ግድግዳ እንዲሆን። መታጠቢያው ለየብቻ የሚዘጋ ይሁን። ይህ ሁሉ የሚጠይቀው ሁለት ሜትር ተጨማሪ ግድግዳ ነው። እግረ መንገዴን፣ በሩ ሰፊ ይሁን፤ የስፖርት ተሽከርካሪ ወንበር ጎማዎቹ ወደ ውጭ ስለሚያዘነብሉ ከተራው ይሰፋል። ራምፑም ለአንድ ሜትር ከፍታ ቢያንስ አሥራ ሁለት ሜትር ርዝመት ይኑረው።

ስለ መስታወቱ ከሙያ ጓደኞቼ ጋር ስከራከር ኖሬአለሁ። እነሱ «የሚታይ ስፖርት ሰውን ይስባል» ይላሉ። የሚስበው ቀድሞ የተሳበውን ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ብረት ለማንሣት የመጣችውን ልጅ ያባርራታል። እኔ ብሆን የመሮጫ ማሽኖቹንና የተለማመዱትን በመስታወቱ ዳር፣ ጀማሪዎችን በውስጠኛው በኩል አደርጋለሁ። ለአሁኑ ከወገብ እስከ ራስ የሚደርስ ወተታማ ሽፋን መስታወቱ ላይ እንዲለጠፍ ጠይቁ፤ የአንድ ቀን ሥራ ነው።

ጥያቄ፦ የተማሪዎች ኅብረት ተወካዮች ነን። ዩኒቨርሲቲው ቤት ውስጥ የሚሆን 50 ሜትር የመዋኛ ገንዳ ሊሠራ አቅዷል። ደስ ብሎናል፤ ሆኖም ንድፉ ላይ አስተያየት ስጡ ስንባል ምን እንደምንል አላወቅንም።

መልስ፦ ደስታችሁን ትንሽ ያዝ አድርጉት። 50 በ25 ሜትር የሆነ ገንዳ ሁለት ሜትር ጥልቀት ካለው 2,500 ኪዩቢክ ሜትር ውኃ ይይዛል፤ ሁለት ሚሊዮን ተኩል ሊትር። ይህ ውኃ ቀን ከሌሊት መጣራት፣ ለውድድር ከ25 እስከ 28 ዲግሪ መሞቅ አለበት። አየሩ ደግሞ ከውኃው አንድ ወይም ሁለት ዲግሪ ይበልጥ ካልሞቀ ውኃው በብዛት ይተናል፤ እንፋሎቱ ጣሪያው ውስጥ ገብቶ ጠብታ ይሆናል። የመዋኛ ቤት ጣሪያ ከሌላው ጣሪያ ሁሉ ቶሎ የሚታመም ነው።

ክሎሪን ከላብና ከሽንት ጋር ሲገናኝ የሚፈጥረው ነገር ዓይንን ብቻ አይለበልብም፤ ብረትም ይበላል። ስዊዘርላንድ ውስጥ በኡስተር ከተማ በአንድ የቤት ውስጥ መዋኛ ከባድ የኮንክሪት ኮርኒስ ከማይዝግ በተባለ ብረት ዘንግ ተንጠልጥሎ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1985 ዘንጎቹ ተሰነጣጥቀው ኮርኒሱ ወደቀና አሥራ ሁለት ሰዎች ሞቱ። ስለዚህ አንደኛ፣ ከጣሪያው ላይ ምን እንደሚንጠለጠል፣ በምን ዓይነት ብረት እንደሚንጠለጠልና ማን፣ በየስንት ጊዜው ወጥቶ እንደሚያየው ጠይቁ። መወጣጫ ካልተሠራለት ማንም አያየውም። ገላ መታጠቢያውም ከመልበሻ ክፍሉ ወደ ገንዳው በሚወስደው መንገድ ላይ ይሁን፤ ሳይታጠቡ ማለፍ እንዳይቻል።

በሁለተኛ ደረጃ ጥልቀቱን ጠይቁ። ሁለት ሜትር ጥልቀት ለዋናተኛ ጥሩ ነው፤ መዋኘት ለማይችል ግን የሚቆምበት የለውም። በእኔ ግምት ለአብዛኛው ዩኒቨርሲቲ አንድ የ25 ሜትር ገንዳና አጠገቡ ትንሽ፣ ጥልቀት የሌለው፣ ሞቅ ያለ የመለማመጃ ገንዳ ከአንድ የ50 ሜትር ገንዳ ይሻላሉ። ኮሚቴው ግን ቁጥር እንጂ ግምት አይሰማም፤ ስለዚህ ተማሪውን ዞራችሁ ጠይቁ። ማክሰኞ ማታ ወደ ገንዳው ከሚመጡት ስንቱ መዋኘት አይችሉም? ቁጥሩን ስታገኙ ላኩልኝና ጥልቀቱን አብረን እናሰላለን።